በሃምሳ ዓመታቸው የተመደቡልን ምሩቅ

በደርግ ዘመን ምሩቅ ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም፤ መንግሥት ይመድበዋል። እኔ ያኔ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የአስተዳደር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ሽበት የወረራቸው እናት ገብተው “ተመድቤ ነው” አሉኝ።

“ምሩቁ ልጅዎ ነው?”

“እኔው ነኝ።”

ክው አልኩ። ለካ አምስት ልጆች አሳድገው፣ ማታ ማታ ተምረው በሃምሳ ዓመታቸው ዲግሪ ይዘዋል። ሠላሳ ያልሞላው ሥራ አስኪያጃችን በሩን እንኳ ሳይዘጋ “ምሩቅ ስጠይቅ ጡረተኛ ይልኩልኛል?” ሲል ሰሙት። ወንበራቸውን ጠረጉ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ሰው መጥቶ የአንዲት ሰፊያችን ብቸኛ ልጅ ሰሜን ጦር ሜዳ መሞቱን ነገረን። ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ ለሠራተኛው ማስታወቂያ የሚነገርበትን ማይክራፎን ያዘ።

“ትጠራና ይነገራት። የጀግና እናት ናት፣ ሠራተኛውም ይስማ።”

ምሩቋ ሴትዮ እጁን ያዙት። ሁልጊዜ “ጓድ” ይሉት የነበሩት “ልጄ” አሉት። “መርዶ በማይክራፎን ይነገራል እንዴ? ስፌት ላይ እኮ ናት!”

“መመሪያው ግን…”

“መመሪያው ወልዶ አያውቅም።”

በዚያ ዘመን እንዲህ የተናገረ ሰው ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን። እሱ ግን ማይክራፎኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ሰፊዋ ምንም ሳታውቅ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ “ደህና እደሩ” አለችን። በማግስቱ ሳይነጋ፣ ሴትዮዋ ከቀጠሯቸው የእድር ሽማግሌዎችና ከሰፊዋ እህት ጋር፣ ከሾላ ገበያ ጀርባ ወዳለው የሰፊዋ ቤት ሄድን፤ ሥራ አስኪያጁም አብሮን ነበር። ገና በሩን ከፍታ ስታየን ገባት። ጮኻ ስትወድቅ ሴትዮዋና እህቷ ደገፏት። ሥራ አስኪያጁ አጥር ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛን የሚነካ ነገር ሲመጣ እሳቸውን ሳያማክር አይወስንም ነበር፤ ለሚቀጥለው ምደባም “ዕድሜው ገፋ ያለ ካለ ላኩልን” ብሎ አስጻፈኝ።

እናትየው ጥቁር ለብሳ ወደ ሥራ የተመለሰች ቀን ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣች።

“ያን ዕለት ደህና እደሩ ስላችሁ ታውቂ ነበር?”

አንገቴን ደፋሁ። ልትረግመኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

“እግዜር ይስጣችሁ” አለችኝ። “አንድ ሌሊት የልጅ እናት ሆኜ አደርኩ።”