የሦስተኛው ጉድጓድ ውሃ

ተማሪዎቹ «ጋሼ ዝም በሉ» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፉ የማትጠፋው ቃል እሷ ስለነበረች ነው። በኮሌጁ የጥናት ጽሑፎች ክፍል ኃላፊ ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ያለው አንድ መስኮት ሲሆን በእሱም የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ለመመረቂያ የተጻፈ ጥናት ሁሉ ተጠርዞ እዚያ ይወርዳል። የምህንድስናው ሰማያዊ፣ የፋይናንሱ ቀይ፣ የእርሻው አረንጓዴ፣ ስለ ሠራተኛ ኑሮ የተጻፈው ደግሞ ግራጫ ልባስ አለው። ድልድይ ለምን እንደሚሰነጠቅ የመረመረ አለ፤ የገበያ ሴቶች ባንክ መግባት ለምን እንደሚፈሩ የጠየቀ አለ፤ የልብስ ፋብሪካ ሴቶች በቀን ስንት ሰዓት ቆመው እንደሚውሉ ሰዓት ይዞ የለካም አለ።

እሱ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የሚያውቀው ግን ጀርባቸውን ነው። ርዕሱን ንገሩት እንጂ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣላችኋል። ገልጦ ያነበበው ግን አንድም አልነበረም። ነርሷ ሚስቱ «አንተ እኮ ምግብ ቤት ውለህ ጾምህን የምትመለስ ሰው ነህ» እያለች ትቀልድበት ነበር። ሳቅ ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ቀን በፈተና ሰሞን፣ ወረፋው እስከ ደረጃው በደረሰበት ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ጫማቸው ላይ ጭቃ ደርቋል።

«ወንድሜ፣ አንዲት ተማሪ ከእርሻዬ አፈርና ውሃ ወስዳ ነበር፤ ዓመት ሆናት። ውጤቱን አመጣለሁ ብላ በዚያው ቀረች። የብርቱካን ዛፎቼ ቅጠላቸው ከጫፉ እያረረ ነው። ጥናቱ እዚህ ተቀምጧል አሉኝ።»

«የልጅቷ ስም ማን ነው?»

«ስሟን እንጃ። መነጽር ታደርጋለች።»

ከኋላ ሁለት ተማሪዎች ሳቃቸውን አፈኑ። እሱም ከንፈሩ ፈገግ አለ፤ ይህችን ፈገግታ ኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሷታል።

«የኮሌጁ መታወቂያ አለዎት አባቴ?»

«የራሴ መታወቂያ አለኝ።»

«እሱ አይሆንም። ከዲኑ ቢሮ ደብዳቤ አጽፈው ይምጡ።»

«ወደ እርስዎ የላኩኝ እነሱ ናቸው» አሉ ሽማግሌው። እሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣቱ አሳያቸው። ቀና ብለው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማንበቡ ብዙም አይሆንልኝም። እርስዎ ቢያነቡልኝ ብዬ ነበር።»

«ደብዳቤ ካለ እናያለን» አለና ቀጣዩን ተማሪ ጠራ። ጭቃ የደረቀበት ጫማ በመስኮቱ ሲያልፍ አየ። ማታ ለሚስቱ እንኳ አላነሳላትም፤ ረሳው።

አራት ዓመት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን የውሃ ቧንቧ ፈነዳና የታችኛው መደርደሪያ በሙሉ ራሰ። የራሱትን ለማድረቅ አንድ በአንድ እየገለጠ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አንዱ አረንጓዴ ከመሃሉ ተከፈተ። ገጹ ላይ ፎቶግራፍ አለ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከጉድጓድ አፍ አጠገብ ቆመዋል። ያኔ ደብዳቤ አምጡ ብሎ የመለሳቸው ሰው ናቸው። ከፎቶግራፉ ሥር እንዲህ ይላል፦ የሦስተኛው ጉድጓድ ውሃ ጨው ብርቱካን ከሚችለው በላይ ነው፤ ከወንዝ ውሃ ጋር ካልተደባለቀ ዛፎቹ በሦስት ዓመት ውስጥ ይደርቃሉ።

በጣቱ ቆጠረ። ሽማግሌው ሲመጡ ገና ሁለት ዓመት ቀርቶ ነበር።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። «ሂድ» አለችው።

«አሁን ምን ይዤ ልሂድ?»

«ያገኘኸውን ይዘህ።»

ቅዳሜ ጥናቱን በላስቲክ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። አድራሻው ጥናቱ ላይ ስለነበረ እርሻውን ለማግኘት አልተቸገረም። ዛፎቹ ግን የሉም፤ በመስመር በመስመር የቀረው ጉቶ ብቻ ነው፤ በጉቶዎቹ መካከል ሳሳ ያለ ገብስ በቅሏል። ሽማግሌው አላወቁትም። እንደ እንግዳ ወንበር አወጡለት፣ ውሃ አቀረቡለት።

«ኮሌጅ መጥተው የመለስኩዎት ሰው እኔ ነኝ» አለ ሳይቀመጥ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ያኔ ቢያነቡልኝ ኖሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?»

«ሁለት መስመር ናት።»

«አባቴ የተከላቸው ነበሩ» አሉና ፊታቸውን ወደ ጉቶዎቹ አዞሩ። ቁጣ ቢያወርዱበት በቀለለው ነበር። ከዚያም «በሉ ያንብቡት፤ ይህን ያህል መንገድ መጥተዋል» አሉት።

ስለ እርሻቸው የተጻፈውን ምዕራፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው። አንድ ቦታ ላይ አቋረጡት። «ጥልቀቱን ተሳስታለች። አሥራ አራት ሜትር ነው፤ የቆፈርኩት እኔው ነኝ።» እሱም እስክሪብቶውን አውጥቶ በጠርዙ ላይ አረመው፤ በሃያ አራት ዓመት ጥናት ላይ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነበር።

ጡረታው እስኪደርስ በቀሩት ሁለት ዓመታት ማንበብ ያዘ። ከአረንጓዴው ወደ ግራጫው፣ ከግራጫው ወደ ሰማያዊው እያለ፣ ጥናቱ የተሠራባቸውን ሰዎች አድራሻ እየፈለገ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ዲኑ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ቢለውም አልከለከለውም። አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ላከ። ከልብስ ፋብሪካው ሦስት ሴቶች መጥተው ስለ እነሱ የተጻፈውን ቀድተው ሄዱ፤ ከቀሪዎቹ ድምፅ የለም።

ሚስቱ ይህን ለእንግዳ ስታወራ ደስ አይለውም፤ ወሬ ይቀይራል። ሽማግሌውን ተመልሶ ሊጠይቃቸው አስቦ ነበር። በዚህ ወር፣ በሚቀጥለው ወር ሲል አንድ ቀን የሽማግሌው ልጅ ስልክ ደወለችለት። አባቷ ከተቀበሩ ወር አልፏቸዋል።