የደገፋ እርሳስና የተናኘ ቀይ ክር

መካኒሳ አቦ አካባቢ ተናኘ ልብስ ሰፊዋን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ነው ሰፈር የገባው፣ ወይ ሱሪው ረዝሞበት አያውቅም። ከጎሚስታው ከደገፋ ቤት ጎን በረንዳዋ ላይ የእግር መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ ነው ዕድሜዋ የሄደው። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏም ከእጇ አይተናነስም። ፔዳል ሲረግጥ የኖረው ጉልበቷ ግን ከእሷ ቀድሞ አርጅቷል። ክረምት ሲገባ ጨው በጨርቅ ቋጥራ፣ አሙቃ ካላሰረችበት እንቅልፍ አይሰጣትም።

አንድ ቀን ሐኪሙ "በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከዚህ መኪና ራቂ" አላት።

"ቤቴ ከዋልኩ አየዋለሁ፤ ካየሁት ደግሞ መርገጤ አይቀርም" ብላ ወዴት እንደምትሄድ ስታወጣ ስታወርድ፣ ዓይኗ መጋረጃዋ ላይ ዐረፈ። መጋረጃው የተሰቀለበት ዘንግ የዓሣ ማጥመጃ ነው። ባሏ ወጋየሁ ዘበኛ ሆኖ የሠራበት ግቢ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ሰጥቶት የሄደው ነው። ወጋየሁ እንኳን ዓሣ ሊያጠምድ፣ ሽታው ሲመጣበት አፍንጫውን ይዞ ደጅ የሚወጣ ሰው ስለሆነ ዘንጉ ስንት ዘመን መጋረጃ ተሸክሞ ኖረ። ተናኘ መጋረጃዋን በሲባጎ ሰቀለችና ዘንጓን ይዛ ደገፋ ዘንድ ሄደች። ደገፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ቆቃ ግድብ ድረስ ዓሣ ለማጥመድ እንደሚወርድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"ሴት ደግሞ ዓሣ ታጠምዳለች?" አላት ጎማ እየገለበጠ።

"ዓሣው ሲነክስ መታወቂያ ይጠይቃል እንዴ?"

ደገፋ ጎማውን አስቀመጠና እሺ አላት። በአፍ ሲሸነፍ እሺ ማለት ልማዱ ነው።

ሰፈሩ ግን እሺ አላለም። ጎረቤቷ ማሚቴ፣ ወሬ ካላደረ አይጥምም የምትለው ማሚቴ፣ ተናኘ በየቅዳሜው ጎሕ ሲቀድ ቦርሳ አንግታ ስትወጣ አየቻትና አሰላች። ቅዳሜ፣ በጠዋት፣ ቦርሳ። "አድቬንቲስት ሆናለች፤ ቦርሳው ውስጥ ያለው መጽሐፍ ነው" አለች። ወሬው ጎፋ ደርሶ ሳይመለስ ተናኘ ከቦርሳዋ ጅራቱ ብቅ ያለ ካርፕ የሚባል ዓሣ ይዛ መጣች። ማሚቴም ግማሹን ዓሣ ተቀብላ ግማሹን ወሬ መለሰች።

እነዚህ ዓሣ አጥማጆች አንድ ሕግ አላቸው። የሚሄዱት በኤልያቄም ሚኒባስ ነው። ኤልያቄም ባለቤትም ሾፌርም፣ ጴንጤም ነው፤ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል፤ በደገፋ አባባል ፍሬን ከማሠራት ጸሎት ይቀለዋል። ሕጉም፣ የዕለቱን ትልቅ ዓሣ ያወጣ ሰው ለተከታዩ ጉዞ ሙሉ ጋቢናውን ብቻውን ይይዛል። ሌላው ከኋላ፣ ባልዲና ዘንግ ጭኑ ላይ ጭኖ፣ ተጣጥፎ ነው የሚሄደው። ጋቢና የወጣ ሰው እግሩን በሁለቱም ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ መስታወት አውርዶ፣ ቢሾፍቱ ላይ ለማያውቀው ሰው ሁሉ እጁን ያውለበልባል። እርግጥ ከሾፌሩ በኩል ያለው ወንበር ሞተሩ ከሥሩ፣ ክዳኑም ከጎኑ ስለሆነ እንደ ምድጃ ይጋግራል፤ ደገፋ ተሸናፊዎችን ለማጽናናት "መቀመጫ ጥብስ" ይለዋል። ተናኘ ስለ ሙቀቱ አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። ይልቅ ዓሣው ወደዳት መሰለኝ፣ ጋቢናው የእሷ ርስት እስኪመስል ድረስ ቅዳሜን ከቅዳሜ ታሸንፍ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ድረስ ሰው ሆነ።

እርሳሱን የሚያቀርበው ደገፋ ነበር። ካርፕ አፉን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ የሚበላ ዓሣ ነው፤ መንጠቆው ላይ ያለው የተቀቀለ በቆሎ ከሥር ካልተቀመጠለት ዞሮ አያየውም። ስለዚህ ክሩ እንዲሰምጥ እርሳስ ይታሰርበታል። ደገፋ ከጎማ ቸርኬ ላይ የሚነቅላቸውን፣ ጎማ እኩል እንዲዞር የሚለጠፉትን የባላንስ እርሳሶች አቅልጦ፣ በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ያፈሳቸዋል፤ ሲረጉ እንደ ትንሽ ድፎ ይሆናሉ። ላያቸው ላይ "ደ" ብሎ በምስማር ይጽፋል። ከዚያ በሚኮራበት ቋጠሮ ክሩ ላይ ጥርቅም አድርጎ ያስራቸዋል። "የደገፋ ቋጠሮ በቢላ እንጂ በጉልበት አይፈታም" እያለ።

ነገሩ የተበላሸው በዚሁ ቋጠሮ ነው።

በበጋ ውሃው ሲሸሽ፣ ግድቡ የዋጣቸው ግራሮች ጉቶና ሥራቸው ይታያል። አንድ ቅዳሜ ተናኘ በዚያ በኩል ስትዞር ሥር መሃል የሞተ ካርፕ አየች። ራሱ ትልቅ ነው፤ ሰውነቱ ግን እንደ ጫማ ሶል ሳስቷል። መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ነው። ከመንጠቆው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በሁለት ሥሮች መካከል ተቀርቅሮ፣ ዓሣውን እንደ ችካል ያሰረው እርሳስ አለ። ላዩን በጣቷ ጠረገችው። "ደ"።

ዓሣው የአንዱን አጥማጅ ክር ከላይ በጥሶ አምልጦ ነበር፤ እርሳሱ ግን አብሮት ሄዶ ዛፍ ሥር አሰረው። መብላት እያማረው፣ በቆሎ የሚያህል ቦታ ላይ እየዞረ፣ በረሃብ ሞተ።

ደገፋን ጠራችው። ደገፋም አጎንብሶ አየና ምን ቢል ጥሩ ነው? "አየሽልኝ ቋጠሮዬን! ይሄ ሁሉ ጊዜ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ንቅንቅ አላለም!"

"አንተ ደገፋ" አለች ተናኘ፣ "በግ ገዝተህ ጓሮ አስረህ፣ ረስተኸው ክፍለ ሀገር ትሄዳለህ?"

"ዓሣና በግ ምን አገናኘው? አንቺስ ትበያቸው የለም እንዴ?"

"እበላለሁ። ማረድ አንድ ነገር ነው፤ አስሮ መርሳት ሌላ ነው።"

በመልሱ ጉዞ ጋቢና ተቀምጣ ለማንም እጇን አላውለበለበችም። ኤልያቄም አሟት መስሎት እስከ ቃሊቲ ድረስ ጸለየላት።

በማግስቱ የበረንዳዋ ብረት ላይ የደገፋን እርሳሶች በክር በክር አንጠለጠለች። ሐሳቧ ቀላል ነው። እርሳሱ ዋናው ክር ላይ አይታሰርም፤ ለብቻው በደካማ ክር ይንጠለጠላል። ዛፍ ከያዘው ደካማው ክር ይበጠሳል፤ እርሳሱ እዚያው ይቀራል፤ ዓሣው ይሄዳል። ችግሩ ክሩን መምረጥ ነው። መኪና የሚሰፋበትን ናይለን ሞከረች፤ ጎትታ ጎትታ ጣቷን ቆረጣት እንጂ አልተበጠሰም። "ይሄ የደገፋ ዘመድ ነው" ብላ ጣለችው። ከዚያ መሸለያ ክሯን አነሳች። ልብስ ሰፊ፣ ልብሱ በመኪና እስኪሰፋ ድረስ ጨርቁን ከጨርቅ ጋር ለጊዜው ሸለል አድርጎ የሚያያይዝበት ቀይ የጥጥ ክር ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ተመዞ ይጣላል። አንዱን ነጠላ አድርጋ አሰረችና ከቤቷ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ዘንጓን ወረወረች። ክሩ አየር ላይ በጥ አለ፤ እርሳሱ ለብቻው በርሮ የማሚቴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድው አለ።

ማሚቴ ወጣች። ከሰማይ የወረደ እርሳስ አየች፤ ቀና ስትል ደግሞ የተናኘ በረንዳ ላይ በቀይ ክር የተንጠለጠለ እርሳስ ሰልፍ ይዟል። ይሄኔ ማስላት አላስፈለጋትም። "መተት!" ብላ ጠበሏን በላስቲክ ጠርሙስ አምጥታ በአጥር ላይ አርከፈከፈች። ጠበሉ ለሰርግ የተቆረጠ ሐር ጨርቅ ላይ ዐረፈ።

"ማሚቴ! የሙሽራ ልብስ ነው የምታጠምቂው!"

"ይጠመቅ! አንቺ ያሰርሽውን ማን ይፈታል?"

"የኔ ችግር እኮ እሱ ነው" አለች ተናኘ እየሳቀች፣ "የሚፈታ ነው የምፈልገው።"

መጨረሻ ላይ መሸለያ ክሩን ደርባ፣ ውሃ ባልዲ ውስጥ አሳድራ ስትሞክረው ሆነላት፤ ውርወራውን ይችላል፣ እርሳሱ ተቀርቅሮ ሲጎተት ደግሞ እጅ ይሰጣል። ዛፍ ለሌለበት ጭቃ ሌላ መላ አገኘች። እርሳሱን መሃሉን በስታ ክሩን በቀዳዳው ማሳለፍ ነው፤ ክሩ ከላይ ቢበጠስ እርሳሱ ተንሸራቶ ይወጣል። ለጭቃው ተንሸራታቹ፣ ለዛፉ ቀይ ክሩ። ይዛ ደገፋ ዘንድ ሄደች።

ደገፋ አገላብጦ አየና ጎማ ከሚነፋበት መሣሪያ በላይ እየጮኸ ሳቀ። "እርሳስ የሚታሰረው እንዳይወድቅ ነው። አንቺ እንዲወድቅ ታስሪያለሽ?"

"ሁሉም ክር እንዲይዝ ብቻ አልተፈተለም።"

"በይ ጋቢናሽን ተሰናበቻት! ትልልቆቹ ዓሦች ያሉት ዛፉ ሥር ነው፤ በዚህ የጨርቅ ክር አንዱንም አታወጪም።"

ይሄ ቀልድ አልነበረም። ተናኘ ጋቢናዋን ካጣች ጉልበቷ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሜትር ታጥፎ ነው የሚሄደው፤ ወሩን ሙሉ ስታነክስ መክረሟ ነው። ታውቀዋለች። ቢሆንም ቅዳሜ ዛፎቹ ዘንድ ስትደርስ ቀዩን ክር አሰረች።

ዓሣው ገና ፀሐይ ሳይጠነክር ነከሰ። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ኤልያቄም "ጌታ ሆይ!" አለ፤ ደገፋ እንኳ የራሱን ዘንግ ጥሎ መጣ። ዓሣው አንድ ጊዜ ጀርባውን አሳየና ቀጥ ብሎ ወደ ጉቶዎቹ ገባ። ዋናው ክር ቅርንጫፍ ላይ ተፋትጎ ጧ አለ። ተናኘ ባዶ ክር ጠቀለለች።

"ይኸው!" አለ ደገፋ። "ዓሣውም ሄደ፣ እርሳሴም ሄደ!"

"እርሳስህ ዛፍ ሥር ቀርቷል። ዓሣው ነፃ ነው።"

"ማን አየልሽ?"

እውነትም ማንም አላየም። ያን ቀን ደገፋ መካከለኛ የምትባል ካርፕ አወጣና አሸነፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋቢና ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ቢሾፍቱ ላይ ለአህዮች ሳይቀር እጁን አውለበለበ። ተናኘ ከኋላ ባልዲ ታቅፋ፣ በየጉድጓዱ ጥርሷን እየነከሰች ሄደች። የምታስበው ግን ጉልበቷን አልነበረም። ክሩ ተበጥሶ ይሆን? ወይስ አሁንም አንዱ ሥር ላይ እየዞረ ነው?

ቆቃ እንደደረሱ ደገፋ የተናኘን ቦታ ያዘ። ብዙም አልቆየም፤ ዘንጉ ጎበጠ። ታግሎ ታግሎ፣ ኤልያቄም እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ በመረብ ተቀበለለት። ጥጃ የሚያህል ካርፕ ነው፤ ሆዱ የሞላ፣ ቅርፊቱ የሚያብለጨልጭ። ደገፋ መንጠቆውን ሊነቅል የዓሣውን አፍ ከፈተና ቀጥ ብሎ ቀረ።

"ምነው ጋሽ ደገፋ?" አለ ኤልያቄም።

የዓሣው ከንፈር ላይ ሁለት መንጠቆ አለ። አንዱ የደገፋ ነው። ከሌላው አጭር ናይለን ወርዷል፤ ናይለኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት የማትሞላ፣ የተበጠሰች ቀይ ክር። እርሳስ የለም።

ተናኘ እያነከሰች መጣች። ክሯን አየቻት። "ሲበላ ነው የሰነበተው" አለች፣ ጣቷን ወደ ዓሣው ቀስራ፤ "ሆዱን እዩት።"

ከዚያ ክርክር ሆነ። ዓሣው የማን ነው? አንዱ "ያወጣው ደገፋ ነው" አለ፤ ሌላው "መጀመሪያ የነከሰው የእትዬ ተናኘን ነው" አለ። ኤልያቄም ዳኛ ሆኖ መሃል ቆመ፤ ከዳኛም ወደ ሰባኪነት ሊሻገር ሲል ደገፋ እጁን አነሳ።

"ቆይ፣ ቆይ። በእኔ ቋጠሮ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወጣው አጥንቱን ነበር።" ጎንበስ ብሎ ቀዩን ክር ፈታና መዳፉ ላይ አኖራት። "እጄ አወጣው፤ እሷ ናት ያቆየችልኝ። ጋቢናው ከዛሬ ጀምሮ ለሁለታችን ይሁን።"

"ሕጉስ?" አለ ኤልያቄም።

"ሕጉም ሸለል ተደርጎ ነው የተሰፋው" አለ ደገፋ።

ሁሉም ሳቀ፤ ተናኘ ከሁሉም በላይ።

ሲመለሱ ደገፋ የጋቢናውን በር ከፈተና አመነታ። ሁለት ሰው ከተቀመጠ አንዱ ሞተሩ ላይ መጋገሩ ነው። ትንሽ አሰበና እንደ ሰማዕት ተንፍሶ "እኔ ከውስጥ ልግባ፤ አንቺ በመስኮቱ በኩል ሁኚ" አላት።

"ኧረ በሞቴ!" አለች ተናኘ፣ እጁን ይዛ። "ዓሣውን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ነፋሱም ላንተ ይገባል። እኔ ከውስጥ እችለዋለሁ።"

"አንቺ ሰው፣ ትቃጠያለሽ እኮ!"

"ለጓደኛ ሲባል ምን ይደረጋል?" ብላ ቀድማ ገባች።

ደገፋ ለደግነቷ ደጋግሞ አመሰገናት። መስታወቱን አውርዶ፣ ነፋስ እየተቀበለ፣ ሞጆ ሳይደርሱ ከቀዩ ክር ትንሽ እንድትሰጠው ለመናት። ተናኘም ከቦርሳዋ ሙሉ ጥቅል አውጥታ ሰጠችው፤ ለዛፉ ደርበህ እሰር፣ ለጭቃው መሃሉን ብሳው ብላ አስረዳችው። ከዚያ ቀሚሷን አስተካክላ ሁለቱን ጉልበቶቿን ሞተሩ ክዳን ላይ ገጥማ ለጠፈቻቸው። ሙቀቱ ከጨርቅ ጨው ይበልጣል፤ አጥንት ድረስ ይገባል።

ቢሾፍቱ ላይ ደገፋ ዞሮ "በጣም አልጋገረሽም?" አላት።

"ምን ላድርግ" አለች ዓይኗን ጨፍና፣ "መቻል ነው እንጂ።"