ጎረቤቱ ይቀራል

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር አቧራ መወልወል ነበር። ሰሚት ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ባለቤቴ በተማሪነታችን ከኳስና ከሞላ የሠራነውን ሞዴል ይዞልኝ፣ እኔ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ሞላዎቹን አጸዳሁ። «ቀስ፣ ረጅሞቹን እንዳታጣምሚያቸው» አለኝ። ሳምንቱ ሳያልቅ አረፈ። ጨርቁን ባነሳሁ ቁጥር የናፍጣው ሽታ ወሎ ሰፈር፣ አባቴ ጋራዥ ይመልሰኛል።

ያኔ እኔም እሱም የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነበርን። መምህራችን በታሸገ ብልቃጥ ነጭ ዱቄት አሳዩን፤ የመዳብ ፍሎራይድ ነው አሉ። ክዳኑ የላላ ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ያው ዱቄት ግን የክረምቱን እርጥበት ስቦ ሰማያዊ ሆኗል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። የነጩ ዱቄት አቶሞች እንዴት እንደተደረደሩ ጥንድ ጥንድ ሆነን በሞዴል እንድናሳይ አዘዙን። ለእኔ እሱ ደረሰኝ።

አባቴ ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ኩሽኔታዎች ኳሶች አወጣን። ትልቁ መዳብ፣ ዙሪያውን ያሉት ስድስት ትንንሾች ፍሎሪን ሆኑ። አራቱን በአጭር ሞላ፣ ሁለቱን በረጅም ማያያዝ ጀመርን።

«ለምን እኩል አይሆኑም?» አልኩት።

«መዳብ አመሉ ነው። አራቱን ያስጠጋል፣ ሁለቱን ያርቃል። ግን አይለቃቸውም።»

አባቴ ከመኪና ሥር ብቅ ብሎ «ይሄ ደግሞ የየትኛው መኪና ዕቃ ነው?» ሲል ሠራተኞቹ ሳቁ። ልጁን ላብ አጠመቀው።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነበር። አባቴ እንዲመጣ የፈቀደለት ለዚህ ሥራ ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ሰበቡም ያልቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የመጨረሻዋን ኳስ መዳፌ ውስጥ እስክትሞቅ ይዤ ቆየሁና ሰጠሁት።

«አለቀ?» አለ አባቴ፣ እጁን እየጠረገ።

ልጁ ሞዴሉን አየ፤ እኔን አየ። «አላለቀም ጋሼ። እያንዳንዱን ፍሎሪን ሦስት መዳቦች ይጋሩታል። ከዚህኛው መዳብ የራቀው ለሌሎቹ ሁለቱ ቅርብ ነው። ስለዚህ ገና የሚሠራ ሌላ መዳብ አለ፤ ጎረቤቱ ይቀራል።»

«ጎረቤቱስ ሲያልቅ?»

«እሱም ጎረቤት አለው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «በይ ምሳ አስጨምሪ፤ ይሄ ልጅ የሚሄድ አይመስለኝም።»

ከዚያ ወዲያ ልጁ ለመምጣት ሰበብ አላስፈለገውም፤ ጎረቤቱም ሳይሠራ ቀረ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወሎ ሰፈር ወርጄ ከጋራዦቹ አሮጌ ኩሽኔታ እለምናለሁ። ጎረቤቱን እየሠራሁ ነው።