ያልተቀመሰው የማንጎ ጁስ

በጁስ ማሽን ንጽሕና ቀልድ አላውቅም። ጎሮ፣ መንገድ ዳር፣ ከታናሽ እህቴ ጋር በከፈትናት ጁስ ቤት ውስጥ ጠብ ከተነሳ መነሻው ማሽኑ ነው። ሶኬቱ ይነቀላል፣ ወንፊቱ ተፈትቶ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ምላጩ ይታጠባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከክዳኑ ሥር ያለችው ጎማ ትወጣለች። የማሽን ክፋት ሁሉ የሚደበቀው እዚያች ጎማ ሥር ነው። የማንጎ ጭማቂ ገብቶባት ካደረ በማግስቱ ሱቁ ጠላ ቤት ጠላ ቤት ይሸታል። እህቴ "ዛሬ ብቻ እንለፋት" ስትለኝ ደሜ ይፈላል።

ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በጀሪካን እናስቀምጣለን። ከጀሪካኖቹ በአንዱ ውስጥ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ አለ፤ ወንፊቱና ጎማው የሚዘፈዘፉት በእሱ ነው፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃሉ። ጀሪካኖቹ ሁሉም ቢጫ ናቸው። የበረኪናው የሚለየው እጀታው ላይ በታሰረች ቀይ ጨርቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይጾማል፤ ሁሉም ግን ማታ ጁስ ይፈልጋል። ሥራው ደራልን። በሌላ ጊዜ አንድ ጆግ ከመውጣቱ በፊት በማንኪያ እንቀምሰዋለን። በዚያ ሰሞን ግን እኔም እህቴም እስኪመሽ አፋችን ላይ ምንም አናደርስም፣ ገዢውም ጿሚ ነው። እንጨምቃለን፣ እንሸጣለን፣ የሚቀምስ ግን የለም። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ከፊት ለፊታችን የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ የወሎ ሰው አለ፣ ዝምተኛ ነው። በየቀኑ አመሻሽ ላይ ለእናቱ ማፍጠሪያ የማንጎ ጁስ ይወስዳል።

"ጨጓራዋ ተልጧል፣ ሐኪሙ አትጹሚ ብሏታል፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች" ብሎኝ ነበር መጀመሪያ ቀን። "ማንጎው ቀጠን ይበልላት፤ ወፍራሙ አይወርድላትም።"

አንድ ቀን የእሱን እህቴ አዘጋጅታ ሰጠችው። እሱ ከሄደ በኋላ ማሽኑን ለማጠብ ፈታታሁት። ወንፊቱን ሳህን ውስጥ አስቀምጬ ጀሪካኑን ልይዝ ስል ቀይ ጨርቅ የለም።

"ጨርቁስ?"

"አጠብኩት" አለች እህቴ፣ ወደ ማስጫው ገመድ እየጠቆመች። "ጠዋት 'ይሄ ቡቱቶ ከደንበኛ ፊት ይነሳ' ብለሽ ስትጮሂብኝ አልነበረ?"

ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሸተትኩ። አንዱ ሙሉ ነው፣ አይሸትም። ሌላውም ሙሉ ነው፣ አይሸትም። የጎደለውን ስከፍት በረኪናው አፍንጫዬን መታኝ።

"የሰውዬውን ማንጎ በየትኛው ነው ያቀጠንሽው?"

እህቴ እጄ ላይ ያለውን ጀሪካን በጣቷ አሳየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። ሱቁ ሁሌ በረኪና በረኪና ስለሚል አፍንጫችን ለምዶታል፤ እሷም አልጠረጠረችም።

ሰውዬው ስልክ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። ቤቱን የማውቀው አንድ ቀን እኔው ጁስ አድርሼለት ስለነበር ነው፣ ወደ ለሚ ኩራ በኩል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ መንገዱ በመኪና ታፍኗል።

"ወንድሜ፣ ፍጠንልኝ!"

"እህቴ፣ ሁሉም ለማፍጠር ነው የሚጣደፈው። በላያቸው ልብረር?" አለኝ ባለባጃጁ።

እህቴን በልቤ ስረግማት ቆየሁ። ቀጥሎ ያቺ ጨርቅ ትዝ አለችኝና እርግማኑ ወደ እኔው ዞረ። ከዚያ ግን የቀረው ፍርሃት ብቻ ነበር። የተላጠ ጨጓራ፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ፣ መጀመሪያ የሚገባበት በረኪና። መንገዱ ለግንባታ የተቆፈረበት ቦታ ስንደርስ ወርጄ ሮጥኩ። ኮብልስቶኑ ላይ ስደርስ አዛን ተሰማ። በሕይወቴ አዛን እንዲዘገይ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። የከፈተልኝ እሱ ራሱ ነው፣ ተምር እያኘከ። ገፍቼው ገባሁ። እናቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አስጠግተውታል።

"እማማ፣ እንዳይጠጡት!"

እጃቸው ባለበት ቀረ። እያለከለክሁ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጃቸው ብርጭቆውን ተቀብሎ አሸተተ፤ ፊቱ ጠቆረ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቱ ዞረ።

"እማ፣ ቀምሰሽዋል?"

"በተምር ነው ያፈጠርኩት፣ እሱን ገና አልነካሁትም።"

"ሽታው አልታወቀሽም?"

"ታውቆኛል" አሉ። "አንተ ግን ከሥራ ደክመህ፣ ለእኔ ብለህ ይዘኸው መጥተህ፣ ሸተተኝ ልበልህ? እንደምንም ልጠጣው ነበር።"

ልጅየው ብርጭቆውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲደፋው ይሰማኛል። እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ፣ የተምሩን ሳህን ወደ እኔ እየገፉ። "አንቺም ጿሚ ነሽ መሰለኝ። እንኪ፣ ቅመሺ።"

በማግስቱ ማታ አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። እንደ ሁልጊዜው ጠረጴዛው ጋ ቆመ። ማንጎውን እኔው ጨመቅኩት፣ ቀይ ጨርቁ ተመልሶ ከታሰረበት ጀሪካን ርቄ አቀጠንኩት። ጠርሙሱን ከመክደኔ በፊት በብርጭቆ ቀዳሁና ፊቱ ቆሜ ጠጣሁ። ገና አልመሸም ነበር።

"ጾምሽን?" አለኝ ደንግጦ።

"ይፍረስ" አልኩት።

ጠርሙሱን ተቀበለኝና ሳይሄድ ቆም አለ። "እናቴ" አለኝ፣ "ዛሬ ስወጣ 'ቀምሰሽዋል ወይ ብለህ እንዳትጠይቃት፣ ይከፋታል' ብላኝ ነበር።"