ጋሽ ኢድሪስ የቀረጹልኝ ሁለት እጀታ

የኪችኔ መሳቢያ ውስጥ፣ ካለቀ ባትሪና የምን እንደሆነ ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር፣ ሁለት የእንጨት እጀታ አለ። የሽጉጥ እጀታ ነው። አትደንግጡ፤ በአየር ግፊት የሚሠራ፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚተኮስበት የውድድር ሽጉጥ ነው። አንደኛው እጀታ የስንት ዓመት ላብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሌላኛው ዛሬም እንደ አዲስ ያበራል። ባለፈው እሑድ የአራት ዓመቷ ልጄ ሁለቱንም አውጥታ ምንጣፍ ላይ ስትጫወትባቸው አየሁና ሥራዬን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ያደግኩት ኦክላንድ ነው፤ ስወለድ ግራኝ ነበርኩ። እናቴ ግን ነገሩን እንደ ጉንፋን ቆይቶ የሚለቅ አድርጋ ነበር የያዘችው። ማንኪያ በግራዬ ባነሳሁ ቁጥር፣ ሳትቆጣ፣ ወደ ቀኜ ታዛውረዋለች። «ሰው ፊት ታሳፍሪኛለሽ» ትለኛለች። አልፈርድባትም፣ እሷም ያደገችው እንደዚያው ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ በቀኜ እበላለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ፤ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር እንጂ።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ የተኩስ ክለብ ልግባ አልኩ። እናቴ ጦርነት ሸሽታ የመጣች ሴት ናት፤ «ሽጉጥ የዚህ ቤት ደጃፍ አይደርስም» አለች። አንድ ወር ሙሉ ተከራክረን፣ ሽጉጡ ክለብ ይቀመጣል በሚል ታረቅን። በመጀመሪያው ቀን ኮቹ በወረቀት ቀዳዳ አሻግሬ እንዳይ አደረገኝና «የምታልሚው በግራ ዓይንሽ ነው፣ በግራ እጅሽ ሞክሪ» አለኝ። ሞከርኩ። ምን ልበላችሁ፣ ያ እጄ ስንት ዓመት ሙሉ ይጠብቀኝ ኖሯል። ቤት ግን ትንፍሽ አላልኩም። የእናቴን ልፋት ገደል የከተትኩ መሰለኝ።

ችግሩ እጀታው ነበር። የክለቡ ሽጉጦች በሙሉ ለትልቅ ሰው ቀኝ እጅ የተሠሩ ስለነበሩ እኔ እጅ ውስጥ ይንሸራተታሉ። ሳን ሆዜ ላይ የቡድን መምረጫ ውድድር ሊደረግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኮቹ የእንጨት እጀታውን ብቻ ፈቶ ሰጠኝና እንጨት የሚሠራ ሰው የማውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህንን አይቶ በእጄ ልክ ሌላ እንዲቀርጽልኝ ነው።

ከእኛ በታች ባለው አፓርታማ ጋሽ ኢድሪስ ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፤ መርካቶ ቁምሳጥንና ወንበር ሲሠሩ ኖረው፣ ኦክላንድ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ወደብ ላይ ሠርተዋል። ጋራዣቸው ሰው መንገድ ዳር በጣለው ወንበር የተሞላ ነው። እናቴ ይዛኝ ወረደች። እጀታውን አገላብጠው አዩ፣ የእንጨት ቀዳዳ የሚደፈንበትን ስቱኮ እንደ ሊጥ አድቦለቦሉና «እስቲ እጅሽን ስጪኝ ጓለይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሰው እጅሽን ስጪኝ ሲል ሐበሻ ቤት ያደገ ልጅ የትኛውን ይሰጣል? ሳላስበው ቀኜን ዘረጋሁ፤ ያውም በግራዬ ክርኔን ደግፌ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ስቱኮው ላይ ተጫኗቸው። የሠራሁት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ አማርኛው ጠፋብኝ፤ እናቴ ደግሞ አጠገቤ ቆማ «ተባረኩ ጋሼ» ትላለች። ዋጥ አደረግሁት።

አሥር ቀን ለፉበት። ከአንድ ወንበር እግር ቆርጠው፣ በሞረድ ሞርደው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀኝ እጄ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ! ኮቹ አየው፣ አደነቀው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «በቀኜ እተኩሳለሁ» አልኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ወረቀቴ ላይ ሽምብራ የተበተነ ይመስል ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ተስማማሽ ወይ?» ይላሉ፤ እኔ «በጣም፣ ጋሼ» እላለሁ፣ ጆሮዬ እየጋለ።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀቶቹን አገኘች። የድሮዎቹን፣ ቀዳዳቸው አንድ ላይ የተሰበሰበውን፣ ካዲሶቹ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ለቅሶዬ ቀደመኝ። «የምተኩሰው በግራዬ ነው፣ ማሚ። አይ ኩድንት ቴል ሂም፤ ለጋሽ ኢድሪስ መንገር አቃተኝ።»

እጄን ይዛ፣ በነጠላ ጫማዋ እንዳለች፣ ወደ ታች ወረደች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻቸው። «ልጄ ግራኝ ናት። እኔ ነኝ የደበቅኋት።»

ጋሽ ኢድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔስ ምኑን አናጢ ሆንኩ፣ በየትኛው ነው የምትይዢው ብዬ ሳልጠይቅ» አሉ። ቀጥለው ስቱኮውን አነሱ። «በይ፣ ያቺን እጅሽን አምጪያት።» ለትልቅ ሰው ግራ እጅ መስጠት አቃተኝ፣ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። እናቴ ናት ከኋላዬ አውጥታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እሳቸው መዳፍ ላይ ያስቀመጠችው።

ከዚያው ወንበር ሌላኛው እግር በሦስት ቀን ሠሩልኝ። ሳን ሆዜ ሁለቱም መጡ። እናቴ፣ ጠብ ከሚል ውኃ የማይበልጥ ድምፅ ላለው ሽጉጥ፣ ጆሮዋን ደፍና ተቀመጠች። ስምንት ልጅ ይመረጥ ነበር፤ ሰባተኛ ወጣሁ። ጋሽ ኢድሪስ ሲወጣ ሲወርድ ላገኙት ጎረቤት ሁሉ አንደኛ እንደወጣሁ ነው የነገሩት።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። በጠቆረው እጀታ ዓመታት ተኩሼበታለሁ፤ የሚያበራውን ግን ይበልጥ እወደዋለሁ። ባልጠቀመኝ ነገር አሥር ቀን ለፍተው አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ያኔ በወጉ አላመሰገንኳቸውም፣ ይኸው ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ።

እሑድ ዕለት እናቴ ምሳ እኛ ጋ ነበረች። ልጄ ከምንጣፉ ተነስታ ገበታ ቀረበችና ማንኪያውን በግራዋ አነሳች። የእናቴ እጅ ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ አየሁ። እናቴ በልጅቷ ቀኝ በኩል የነበረውን የውኃ ብርጭቆ አነሳችና በግራዋ በኩል አስቀመጠችላት።

«እንዲቀርባት ነው» አለችኝ፣ ሳታየኝ።