ቅቤ የጠጣችው ጊታር

የጊታር ሆድ ቅቤ ቅቤ ይሸታል ብል ማን ያምነኛል? ባለፈው የካቲት አዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ቤት ቁጭ ብዬ፣ ጠጋኙ የአባቴን አሮጌ ጊታር ክሮቿን አውልቆ፣ በእጅ ባትሪ እያበራ በአፏ በኩል ወደ ውስጥ ሲያጮልቅ፣ የሰነበተ ቅቤ ሽታ ሽው አለኝና እዚያው በተቀመጥኩበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ከሽታው ጋር ንዴቴም አብሮ መጣ፤ በእኛ ቤት ታሪክ ያቺን ጊታር የገደለቻት እናቴ ናት፣ የገደለችበትም መሣሪያ ያው ቅቤ ነው፤ እኔም ይኸንኑ እየሰማሁ አደግሁ።

አባቴ በዋናው መንገድ ዳር በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። በወጣትነቱ ከጓደኛው ከጋሽ ሰይድ ጋር በአንድ የኪነት ቡድን ጊታር ተጫውቷል፤ ቡድኑ ሲበተን አባቴ ወደ ጥገናው፣ ጋሽ ሰይድ ወደ ማሾና ሽንኩርት ንግዳቸው ዞሩ፤ ጊታሮቻቸውን ግን አልተዉም፣ ሰርግ ሲጠሩ ከጀውሃ እስከ ደብረ ሲና አብረው እየሄዱ ይጫወቱ ነበር።

ሁለቱም ጊታሮች ያረጁ፣ ሆዳቸው እንጨት ሆኖ በኤሌክትሪክም የሚጮኹ ነበሩ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነበር። የጋሽ ሰይድ ጥቁሯ አንገቷ እንደ መጥረቢያ እጀታ የወፈረ፣ ክሮቿም ከፍ ያሉ ስለነበሩ ጣት ታደማ ነበር፤ በአፏ ላይ የተጋደመው ማግኔት የብረቱን ክር ብቻ ስለሚሰማ ድምፅዋ ደልደል ብሎ ከደረት ይወጣል፤ ሸምበቆ መብራት አጠገብ ከቆመች ግን «እምምም» እያለች ታጉረመርማለች። የአባቴ ቡኒዋ ደግሞ አንገቷ ቀጭን፣ ከመዳሰስ ብዛት የለሰለሰ ነበር፤ ክሮቹ ከሚያርፉበት ነጭ አጥንት ሥር እንደ ስንደዶ የቀጠነ ክሪስታል ተቀብሮባታል፤ ያ ክሪስታል የሚሰማው የእንጨቱን መንቀጥቀጥ ስለሆነ፣ አባቴ ሆዷን በጥፍሩ መታ ቢያደርግ እንኳ በድምፅ ማጉያ ሣጥኑ በሞንታርቦው ከበሮ የተመታ ይመስል ነበር። የክሪስታሉ ድምፅ ብቻውን ደካማ ስለሆነ በጎኗ ውስጥ ትንሽ ማጉያ ተገጥሞላት ነበር፤ ማጉያዋም የምትሠራው በአንዲት ባለ አራት ማዕዘን፣ ዘጠኝ ቮልት ድንጋይ ነበር። ይችን ድንጋይ ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ጥር ሲገባ የሁለቱ ክርክርም አብሮ ይገባ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ያንተዋ ወላሂ ጣሳ ናት፤ ትንጫጫለች እንጂ አትዘፍንም» ይሉታል፤ አባቴም «ያንተዋ ጉንፋን የያዛት አሮጊት!» ብሎ ይመልስላቸዋል። «የኔ ድንጋይ አትለምንም፤ ሽቦዋን ሰክቼ መጫወት ነው» ሲሉት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ደብረ ሲና ለሰርግ ሲወጡ ደግሞ ክርክሩ በቅኝት ላይ ይሆናል፤ ቆላ ላይ የተቃኘች ጊታር ብርዱና ጭጋጉ ሲያገኛት ቅኝቷ ይዛባል፤ ስለዚህ ሁለቱም ከመኪና እንደወረዱ እንደ ሕፃን ነጠላ አልብሰዋቸው ይቆዩና እንደገና ይቃኟቸው ነበር፤ ቀድሞ የጨረሰም ሌላውን ሲያበሽቅ ይውላል።

ክረምት ሲመጣ ሰርጉም ይቀራል፣ የሮቢ ወንዝም ይሞላል፣ መብራቱም ይጠፋል። እኔ በበኩሌ ጊታሯን የምወዳት ያን ጊዜ ነበር። አባቴ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያለ ሽቦ፣ ያለ ድንጋይ ይጫወታል፤ እማዬ ማሾ እየለቀመች በቀስታ ታንጎራጉራለች፤ እሱ ሲዘገይ ትጠብቀዋለች፣ እሷ ስትዘገይ ይጠብቃታል። እናቴ በሰው ፊት ዘፍና አታውቅም፤ ለዚያች ጊታር ብቻ ነበር የምትዘፍነው። «እንዲህ ራቁቷን ስትሆን ድምፅዋ ሰው ሰው ይላል» ትለው ነበር።

ከዚያ ያ ሚያዝያ መጣ። የእኛ አገር ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በር ይጣመማል፣ አልጋ ይንቋቋል፣ እንጨት የተባለ ሁሉ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አዲስ ገበቴ ሲገዛ ቅቤ ጠጥቶ ነው ሥራ የሚጀምረው፤ ቅቤ ያልጠጣ ገበቴ ፋሲካን አይሻገርም ይባል ነበር። አንድ እሑድ አባቴና ጋሽ ሰይድ ጀውሃ ለሰርግ ሄደው ተመለሱ፤ አባቴ ፊቱ ጠቁሮ፣ ሰላምታም ሳይሰጠን ጊታሯን ግድግዳው ላይ ሰቀላትና ተኛ። በማግስቱ ሰኞ ራዲዮ ሊጠግን ማጀቴ ከተማ ሄደ።

እማዬ ቤት ስትጠርግ ቀና ብላ ጊታሯን አየቻት፤ ሆዷ ላይ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። «ኧረ ልጄ፣ ይቺ ነገር ልትፈነዳ ነው! እሱ መጥቶ ተሰንጥቃ ቢያያት ልቡ ይሰበራል» ብላ አወረደቻትና፣ አንገቷን እኔን አስይዛ፣ ለጋ ቅቤ በመዳፏ እያሟሟች ሆዷን፣ ጎኗን፣ በአፏም እጇን አስገብታ ውስጧን ቀባቻት። እንዴት አድርጋ እንደቀባቻት አልረሳውም፤ እኔን ስታጥበኝ እንኳ እንደዚያ አትጠነቀቅልኝም። ስትጨርስ ወደ ኋላ ብላ አየቻትና «አሁን አማረባት» አለች።

ማክሰኞ አባቴ ሲመለስ ጋሽ ሰይድም አብረውት ገቡ። እናቴ ደስ ብሏት፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «እስቲ ሞክራት፤ ድምፅዋ ሳይለሰልስ አይቀርም» አለችው። አባቴ ጊታሯን አየ፣ አሸተታት፤ ከዚያ የሽቦዋን ጃክ ሰክቶ ሞንታርቦውን ከፈተው። «ሽሽሽሽ» ብቻ! ክሩን ቢመታ፣ ቢመታ፣ ሽሽሽ። ያኔ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ቅቤ! አንቺ ሴትዮ፣ ኤሌክትሪክ ቅቤ ይቀባል? ገደልሽብኝ!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ሙስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም አንገቷን ይዤ ስለነበር አብሬ የገደልኳት መስሎኝ ከማንጎው ሥር ሄጄ አለቀስሁ።

እንባው በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ነገሩ ወደ ቀልድ ተለወጠ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ የተሰቀለችውን ጊታር እያሳየ፣ «ይቺን አያችኋት? የኔዋ ሴትዮ ጥብስ ልትሠራት ነበር» ይላል፣ ቤቱም ይስቃል። ጎረቤት ቴሌቪዥን ሲገዛ «ቅቤ እንዳትቀቢልን» ይሏታል፤ ስልክ ሲገባም ያው፣ ፍሪጅ ሲገባም ያው። እናቴም አብራ ትስቅ ነበር፤ ግን ያን ቀን ጓዳ ከገባች በኋላ ዘፍና አታውቅም። ሽቦ ያለው ዕቃም አትነካም። ራዲዮ ማዳመጥ ሲያምራት እንኳ ልጅ ትጠራለች፤ «ነይማ ልጄ፣ ይችን ነገር ክፈቺልኝ፣ እኔ አበላሻታለሁ» ትለኛለች። የራዲዮ ጠጋኝ ሚስት ሃያ ዓመት ሙሉ ራዲዮ ከፍታ አታውቅም! ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር፤ አድጌ ሲገባኝ ግን በእናቴ ላይ ተናደድሁ፣ ምነው ይቺ ሴት እንዲህ ትፈራለች ብዬ። በእሷ ላይ መናደዴ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ያንን ጊታር ነው ለአባቴ ለፋሲካ አሠርቼ ልወስድለት አዲስ አበባ ያመጣሁት። ጠጋኙ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ማጉያዋን ከጎኗ ፈልቅቆ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ፤ ግማሽ ፊቷ ከስሏል። ከእሷ ጋር አንዲት ወፍራም ቀይ ሽቦ ተንጠልጥላ ወጣች፤ ጫፏ ተቆርጦ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ቅቤው ነው አይደል?» አልሁት፤ ያደግሁበት ነገር ነውና።

«ቅቤ ምን ያደርጋታል?» አለኝ። «ቅቤው እንጨቱ ላይ ነው፤ ድምፅዋን ትንሽ ያፍነው ይሆናል፣ እዚህ ግን አልደረሰም። ይቺ የተቃጠለችው ኃይል በዝቶባት ነው። ሽቦው የመኪና ነው፤ የከባድ መኪና ባትሪ ላይ ቀጥለዋታል፣ ሃያ አራት ቮልት። ዘጠኝ የምትጠጣውን ሃያ አራት ሲያጠጧት ምን ትሁን?»

ጀውሃ! ከባድ መኪና የሚቆምበት አገር! ድንጋይዋ በሰርጉ መሀል አልቃበት፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ አጥቶ፣ ጋሽ ሰይድ በጥቁሯ ሲጫወቱ ዝም ብሎ መቆሙ አንገብግቦት፣ ከቆመ መኪና ባትሪ ላይ ሽቦ ስቦ ኖሯል። እና ማክሰኞ ዕለት፣ ከሁለት ቀን በፊት እንደሞተች እያወቀ፣ ሳቅ ባለችው ሚስቱ ፊት ጃኩን ሰካ! እያወቀ! ጠጋኙ ፊቴን አይቶ ውኃ አመጣልኝ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለካ ለእርሻ ብቻ አይደለም።

ለፋሲካ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ጊታሯ አዲስ ማጉያ ገብቶላታል፤ ጋሽ ሰይድም እንደ ልማዳቸው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ከአባቴ ጎን ተቀምጠዋል። አባቴ ጊታሯን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ወዲያውም ያችኑ ቀልድ ጀመረ። «እንግዲህ ይቺን ሴትዮ ከጓዳ እንዳታወጧት፣ ዛሬ ደግሞ የፋሲካ ቅቤ አለ...»

ያዙኝ ልቀቁኝ ማለት አያምርብኝም፤ ቀይዋን ሽቦ ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አኖርኋት። «አባዬ፣ ይቺ ከጊታሯ ሆድ ወጣች። ጠጋኙ የመኪና ናት ይላል» አልሁት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ወደ ጋሽ ሰይድ ዞርሁ፤ «እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ሙስበሃቸውን እያዩ። «ባልና ሚስት መሀል አልገባም ብዬ ነው እንጂ... ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ ልጄ?»

«ነቅዟል እኮ፣ ጋሽ ሰይድ! እሷን አይዩዋትም?» አልኋቸው። ከታላቅ ጋር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። «አስተግፊሩላህ» አሉ።

እማዬ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ ሽቦዋን አነሳች፣ አገላበጠቻት፣ ፕላስተሩን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«ታዲያ ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?» አለችው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አፈርሁ» አለ። «ራዲዮ ጠጋኙ የራሱን ጊታር በመኪና ባትሪ አቃጠላት ቢባል፣ ማን ሥራ ያመጣልኝ ነበር? ኋላ ደግሞ ቅቤው... መጣልኝ።»

«መጣልህ» አለች እማዬ። «የእኔ ስም ደንበኛ የለውማ።» ሽቦዋን መልሳ አኖረችና ተቀመጠች።

አባቴ ጊታሯን አነሳና ሰካት። አዲሱ ማጉያ ቅኝቷን በመብራት ይናገራል፤ ድንጋይዋ ልታልቅ ስትል አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ድምፅዋም እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፣ ጥፍር እንጨት ሲነካ እንኳ ይሰማል። እኔ ግን የሰማሁት የጎደለውን ነው፤ ያኔ፣ መብራት በሌለበት ክረምት፣ ከማንጎው ሥር አንዷ የምትጠብቀው አንዱ የሚጠብቃት ነገር ነበር፤ ያንን ደግሞ የሚገጥም ጠጋኝ አዲስ አበባም የለ። አባቴ ገባው መሰለኝ፤ ሽቦውን ነቀለና ያንኑ የድሮውን ዜማ ባዶዋን ቃኝቶ ይጫወትላት ጀመር። መግቢያውን ተጫወተና እሷ በምትገባበት ቦታ ላይ ዘግየት ብሎ ጠበቃት። እንደገና ተጫውቶ እንደገና ጠበቃት።

እማዬ ተነሳች። መደርደሪያው ጋ ሄደች፤ እኔ ልማዴ ነውና ልከፍትላት ብድግ ስል በእጇ «ተቀመጪ» አለችኝ። ራዲዮውን ራሷ ከፈተችው። አባቴ መጫወቱን ሲያቆም፣ ድምፁን ጨመረችው።