ይፋግ የታረስሁበት ቤት

ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብሬ ሦስተኛውን አረገዝሁ። ሁለቱንም የወሰደብኝ ንዳድ ነው፤ ክረምት ወጥቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ መጉደል ሲጀምር የሚነሣው ንዳድ። አንዱ ዳዴ እያለ ሄደ፤ ሌላው ጥርስ እንኳ አላወጣም ነበር። ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ውሃው የሚተኛበት ዳር ላይ ነው። ሴቶቹ «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ሲሉኝ «አሜን» እላለሁ፤ በሆዴ ግን ደግሞ ሊወስደው ምን አሰጠው እል ነበር።

ስድስተኛ ወሬን ስይዝ ባለቤቴ ወረታ ሄዶ ድሬሰሩን አማከረ። መርፌ የሚወጋውም፣ ኪኒን የሚሰጠውም እሱ ነው። «ንዳዱን የምታመጣው ቢምቢ ናት። ሚስትህን ከሜዳው አውጣት፤ ሕፃኑ እስኪጠና ከፍ ካለ ቦታ ትቀመጥ» አለው። የቢምቢውን ነገር አላመንነውም። ከሜዳው መውጣቱን ግን አመንን። ችግሩ ደጋ ላይ ዘመድ የለንም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከይፋግ ገበያ ተመለሰና «ቤት አገኘሁ» አለኝ።

«የማን ቤት?»

«የጌቶች፤ ከሜዳው ከፍ ያለ ነው። እነሱ ጎንደር ናቸው። ጠባቂዋ አሮጊት እስከ ጥምቀት ታስቀምጥሻለች።»

«በምን?»

«በቀዩ በሬ።»

ያሉን ሁለት በሬዎች ናቸው። «በምን ልታርስ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «በሬ አይጠፋም» አለኝ። እንደሚጠፋ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ነሐሴ ላይ በተዋሰው በቅሎ አስቀምጦኝ፣ እሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እየገባ፣ ይፋግ አደረሰኝ። ይፋግ ድሮ የወይን አገር ነበረች ይባላል፤ ቀሳውስት ለቅዳሴ የሚሆነውን ከሩቅ እየመጡ ይወስዱባት ነበር አሉ። እኔ ስደርስ የቀረው በዚያ ቤት በረንዳ ላይ የተጠመጠመው ሐረግ ብቻ ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን፣ የሳንቃ ወለልና የመስታወት መስኮት አለው። አልጋው የሽቦ ነው፤ ስቀመጥበት ሰመጠብኝና ጮኽሁ። በላዩ ከጣሪያው ነጭ ስስ መረብ ተንጠልጥሏል። የክብር መጋረጃ መስሎኝ ልሰበስበው ስል አሮጊቷ እጄን ያዙኝ።

«ተዪው ልጄ፣ አጎበር ነው። እሜቴ ያለሱ አይተኙም። ለቢምቢ ነው።»

ድሬሰሩን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

አሮጊቷ ደግ ናቸው። ጌቶቹ ድርጎአቸውን ካቋረጡባቸው ቆይቷል፤ ቤቱን በስውር የሰጡኝም ስለቸገራቸው ነው። እህል እንኳ አላስፈጭ አሉኝ፤ ሥራ ፈትቼ እንደ እመቤት ተቀመጥሁ። ባለቤቴ በገበያ ቀን እየመጣ ወንበሩን ትቶ ወለሉ ላይ ይቀመጥና መስኮቱን ያያል። «ተመቸሽ?» ይለኛል። «ተመቸኝ» እለዋለሁ። አልዋሸሁም፤ ግን ምቾቱ ያስፈራኝ ነበር። በሰው አልጋ ላይ ተኝቼ ባለቤቱ እስኪቀሰቅሰኝ የምጠብቅ ይመስለኛል።

ጥቅምት ሲገባ ሴት ልጅ ወለድሁ። ያዋለዱኝ አሮጊቷ ናቸው። ልጄን አጎበሩ ውስጥ ይዣት ስተኛ ቢምቢው ውጭ ሲጮኽ እሰማለሁ፤ እሷን አይነካትም። ወፈረች። ሣቀች። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ባለቤቴ ክርስትና እናት መርጦ ጨረሰ።

አርባ ቀን እንዳለፋት አሮጊቷ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። «ልጄ፣ ጉድ ፈላብኝ። እሜቴ እንግዳ ይዘው ሊመጡ ነው። በመኪና መልእክት ላኩብኝ፣ ነገ ናቸው።»

«ወዴት ልሂድ እማማ? ኅዳር ነው እኮ፤ ሜዳው የሚያቃጥልበት ጊዜ ነው። ማድ ቤት ልደር፣ በረት ልደር።»

«በረቱም የሳቸው ነው። ቤታቸውን በበሬ እንደሸጥሁት ቢሰሙ በስተርጅና ሜዳ ይጥሉኛል። በማርያም ይዤሻለሁ፣ እንዳትናገሪብኝ።» እግሬ ላይ ወደቁ። እናቴ የሚሆኑ ሰው እግሬ ላይ ሲወድቁ ምን እላለሁ?

በማግስቱ ባለቤቴን እንዲጠራልኝ የላክሁት ሰው ሳይመለስ መኪናው ደረሰ። እመቤቲቱ ቀይ፣ ለስላሳ ሴት ናት፤ በረንዳው ላይ ልጄን ታቅፌ ቆሜ አገኘችኝ። አሮጊቷ ፈጠን ብለው «የእኅቴ ልጅ ናት እሜቴ፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው፤ አሁን ልትሄድ ነው» አሉ።

እመቤቲቱ መሸፈኛውን ገለጥ አድርጋ አየቻት። «እንዴት ታምራለች! ስንት ጊዜዋ ነው?»

«አርባ ሦስት ቀኗ እሜቴ።»

«በዚህ ፀሐይ ወዴት ትወስጃታለሽ?»

ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትሁ። አሮጊቷን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «አገራችን ቅርብ ነው እሜቴ» አልሁ። እሷም «እግዜር ያሳድግልሽ» ብላ አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻሽ ፈትታ ለልጄ ሰጠችኝ። ስወጣ ለእንግዶቿ ወይኑን እያሳየች ነበር፤ ገና ጥሬ ነው።

ባለቤቴ ወረታ መንገድ ላይ አገኘኝ። ልጄን ተቀብሎኝ ወደፊት ሄደ። ቤታችን እንደገባን በሩን በጆንያ ከለልን፣ ኩበት አጨስን፣ ሻሹን ፊቷ ላይ ጣልሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጡት አልይዝ አለች። ገላዋ እሳት ሆነ። ባለቤቴ ሰማንያው ሳይደርስ እንዲያጠምቁልን ቄሱን ሊጠራ ሮጠ። ቄሱ ከእርሻ ተጠርተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ካባቸውን ደርበው ሲመጡ ልጄ አልፋ ነበር። ባለቤቴ «አባቴ፣ ገና ትሞቃለች፣ ያጥምቁልኝ» አላቸው። ቄሱ ዳሰሷትና «ልጄ፣ ለሞተ ጥምቀት የለም» አሉት። እሳቸውም አለቀሱ። ስላልተጠመቀች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበርናት፤ ከወንድሞቿ ጋር እንኳ አልተኛችም።

በዓመቱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረስን፤ የሱን መሬት ስንጨርስ የኛው እየደረቀ ጠበቀን። ሌላ ልጅ አልፀነስሁም። ቢመጣም የት እወልደዋለሁ እያልሁ እፈራ ነበርና፣ አለመምጣቱ አላስለቀሰኝም።

ባለቤቴ ስለዚያ ቀን የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጓያ እየወቃን ነበር። ዱላውን ተደግፎ ቆመና «ለእመቤቲቱ ብትነግሪያት ኖሮ ታስቀምጥሽ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም» አልሁት። «ደግ ትመስል ነበር።»

ከዚያ ዱላውን አነሣና መውቃቱን ቀጠለ፤ እኔም ገለባውን ማራገፌን ቀጠልሁ።